የአዋላጇ ኮምፒውተር

ጡረታ የወጡት አዋላጅ ከላይኛው ክፍል በሚያወርደው የሲሚንቶ ደረጃ ግርጌ በጀርባቸው ተንጋለው ተገኙ። ራሳቸው ወለሉ ላይ፣ እግራቸው የታችኞቹ እርከኖች ላይ እንደተሰቀለ ነበር። የማንበቢያ መነጽራቸው ከአፍንጫቸው አልወረደም፤ አንዱ መስታወት ብቻ ተሰንጥቋል። መጀመሪያ ያየቻቸው ከሥራ መልስ የመጣችው አንድ ልጃቸው ናት። የተጠራው ሐኪም «ወድቀው ነው» ብሎ ቦርሳውን ዘጋ። ፖሊስ ጋ የደወለችው ልጅቷ ነበረች። ለምን እንደደወለች ስትጠየቅ «እኔ እንጃ፣ ልቤ አልተቀበለውም» አለች።

የመጣችው ኢንስፔክተር ቀጭን፣ ጎልማሳ ሴት ናት። የሥራ ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ አንድም ስለ ቅጥነቷ፣ አንድም ደግሞ ሌላው ሰው ጨርቁን ሲያገላብጥ እሷ በወዲያ በኩል ስለምትወጣ ነው። መቀመጥ አይሆንላትም። አስከሬኑን ጎንበስ ብላ አየች፣ ደረጃውን ወጣች፣ ወረደች፣ እንደገና ወጣች።

ላይኛው ክፍል ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ትልቅ መደርደሪያና አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። መቀርቀሪያው የላላ መስኮት ነፋስ በነካው ቁጥር ይንኳኳል። ኮምፒውተሩ እንደበራ ነው፤ ውስጡ ያለው ማራገቢያ ያለማቋረጥ ያጉረመርማል። መርፌ መስኮቱን በወረቀት ሸጉጣ ዘጋችው። ቆይቶ ወረቀቱ ወደቀና መንኳኳቱ ቀጠለ።

በማግሥቱ መጀመሪያ ያነጋገረችው ከጓሮ ባለው ክፍል የሚኖሩትን የሟችን ታናሽ ወንድም ነው። ሽማግሌው ሌሊቱን ሲያለቅሱ እንዳደሩ ዓይናቸው ይናገራል።

«እቴቴ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ዕረፍት አልነበራትም» አሉ። «ስለ ሌላ እንዳይመስልሽ፣ ስለዚያ ዕቃ ነው።»

«ስለ ኮምፒውተሩ?»

«ሲስተሙ አርጅቷል፣ የሠሩት ሰዎች ማደስ አቁመዋል፣ ሌባ እንደፈለገ ይገባበታል አሏት። እሷ ደግሞ መጽሐፍ እየጻፈች ነበር፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስላዋለደቻቸው ሴቶች። ‹የሰው ገመና ነው ውስጡ ያለው፣ በሩ ገርበብ ባለ ቤት አላስቀምጥም› አለች። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ሸንጎ ሆነ።»

«ማን ምን አለ?»

«ልጇ አዲስ ኮምፒውተር ከነዊንዶውሱ እንግዛልሽ አለች። የሠፈሩ የኮምፒውተር ባለሙያ አሮጌው ላይ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ልጫንልዎት አለ። የልጇ ባል ምንም አትንኩ፣ ያለው ጸረ ቫይረስ ይበቃል ባይ ነው። እኔ በእስክሪብቶ ጻፊው አልኳት፤ የሰማኝ የለም።»

«በመጨረሻ ማን ረታ?»

«ማን ይሆናል? እሷ ናት። ትላንት ጠዋት ባለሙያውን ጠርታ ሊኑክሱን አስጫነችው። ለማንም አልነገረችም፤ ‹አንድ ቀን እንኳ ከክርክር ልረፍ› አለችኝ። ወንበር ይዤ ሲጭን አየሁት። እሱ ሲወጣ እኔም ከጓደኞቼ ጋር ካርታ ልጫወት ወጣሁ። ስመለስ...» ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ።

መርፌ መስኮቱ ጋ ሄዳ ተመለሰች። «በዚያ መነጽር ደረጃ ይወርዱ ነበር?»

«በጭራሽ። ‹ደረጃው ይዋኝብኛል› ትላለች። አንገቷ ላይ ታንጠለጥለውና ግድግዳውን ይዛ ነው የምትወርደው።»

ልጅቷን ያገኘቻት ሳሎን ውስጥ ነው። አስተማሪ ናት። ጥቁር ነጠላዋን እየፈታች መልሳ ትቋጥራለች።

«ትላንት ሙሉ ቀን ፈተና ላይ ነበርኩ» አለች። «ስልካችንን በር ላይ ሰብስበውብን ነበር፤ ምሳም ያመጡልን እዚያው ነው። ስወጣ የእማዬን ኢሜይል አገኘሁ።»

ስልኳን ሰጠቻት። መልእክቱ አጭር ነው፦ «ልጄ፣ መጽሐፌን እየጻፍኩ ነው። ሐሳቤ እንዳይበተን ዛሬ አትደውሉልኝ። ስትመጪ እንገናኛለን።» የተላከው ከምሳ ሰዓት ብዙ ቆይቶ፣ ቢሮዎች በሚሠሩበት ከሰዓት በኋላ ነው።

«እናትሽ እንዲህ ይጽፋሉ?»

«ቁርጥ እሷን ነው። ‹ሐሳቤ እንዳይበተን› ሁሌም የምትለው ነው።»

«በስልካቸው ይሆን የጻፉት?»

«የእማዬ ስልክ ያቺ ቁልፍ ያላት ትንሿ ናት። ከመደወል በቀር ምንም አታውቅም። ሁሉንም የምትጽፈው በኮምፒውተሩ ነው።»

መርፌ መልእክቱን እንደገና አነበበችው። አንድ ነገር ቆረቆራት፤ ምን እንደሆነ ግን አልያዘችውም። ለማሰብ መንገድ ያስፈልጋታልና መኪናዋን ትታ በእግሯ ወደ ልጅቷ ባል መሥሪያ ቤት ሄደች።

ሰውዬው በአንድ የግንባታ ድርጅት ውስጥ መሐንዲስ ነው። ጨዋ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ። በሰፊው ክፍል ውስጥ ከሌሎች ጋር ተደርድሮ ስለሚሠራ ከምሳ በኋላ ከኮምፒውተሩ ንቅንቅ እንዳላለ አጠገቡ ያሉት ሁሉ መሰከሩለት። ምሳውን ግን ብቻውን ወጥቶ ነው የበላው።

«እናቴ ካረፈች ወዲህ እናቴ እሳቸው ነበሩ» አለ። «የሚገርመኝ ከሰዓት በኋላ ለባለቤቴ ጽፈውላት ነበር። ያኔ ደህና ነበሩ ማለት ነው።»

«ኮምፒውተራቸውን በመቀየሩ ነገር እርስዎ ምን ይሉ ነበር?»

«ገና አልወሰኑም ነበር። እኔ እንኳ ያለው ይበቃቸዋል ባይ ነኝ። ጠባቂው፣ ጸረ ቫይረሱ፣ ደህና ከሆነ ሲስተሙ ቢያረጅም ምንም አይደል።»

ጠረጴዛው ላይ የአንድ ሽማግሌ ፎቶግራፍ ቆሟል።

«አባትዎ ናቸው?»

«አዎ። ታሟል፤ ሐኪሞቹም ብዙ ተስፋ አልሰጡንም።» ፎቶግራፉን ትንሽ ወደ ራሱ አዞረው። «ቁርጥ እሱን ነህ ይሉኛል።» ይህን ሲል ፈገግ አላለም።

የባለሙያው ሱቅ በተፈታቱ ኮምፒውተሮች ተጨናንቋል። ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ የጣቶቹ ጫፍ የጠቆረ ሰው ነው። ከአዋላጇ ቤት እንደተመለሰ እስኪመሽ ሱቁን እንዳልለቀቀ ጎረቤቶቹ አስቀድመው ነግረዋታል። መርፌን ሲያይ የያዘው መፍቻ ከእጁ ወደቀ።

«ሥራዬን አልጨረስኩም ነበር» አለ ሳይጠየቅ። «የአማርኛ ፊደሉ ቀርቶኝ ነበር። እትዬ ጣታቸው የለመደው የጥንቱን የታይፕ አቀማመጥ ነው። ‹እሱን ካላገኘህ ሌላ አትጫንብኝ› አሉኝ። ነገ በፍላሽ አመጣለሁ ብዬ ተለያየን።»

«ለምን ሊኑክስ?»

«ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው፤ አዲሱን ዊንዶውስ አይችልም። ሊኑክስ ቀላል ነው፣ እድሳቱም አይቋረጥም። እሳቸውም ብዙ ጠይቀውኝ ነው የወሰኑት። ‹ቁልፉ ማን ጋ ነው የሚቀረው?› ይሉኝ ነበር።»

«ሌላስ? የምትደብቀኝ ነገር አለ።»

ባለሙያው ወደ በሩ አየ። «ለማንም እንዳልናገር አደራ ብለውኛል።»

«አደራ ያሉህ ሰው ሞተዋል። አሁን አደራቸው እኔ ጋ ነው።»

በሩን ገርበብ አድርጎ ተናገረ። «መጽሐፋቸውን ቀድቼ አሮጌውን ከማጥፋቴ በፊት ፈትሼው ነበር። ሰላይ ፕሮግራም አገኘሁበት። የሚጽፉትን በሙሉ፣ የይለፍ ቃላቸውንም ጭምር እየቀዳ ወደ ውጭ ይልካል። ከኢንተርኔት የመጣ አይደለም፤ በፍላሽ የተጫነ ነው። ስነግራቸው አልደነገጡም። ‹አጥፋው። ያስገባውን እኔ አነጋግረዋለሁ› አሉ።»

መርፌ ከሱቁ ስትወጣ ፍጥነቷ ጨመረ።

በበነጋው አራቱንም ሟች ቤት ላይኛው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሽማግሌው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ባልና ሚስቱ ወንበር ያዙ። ባለሙያው በሩ ጋ ቆመ። መርፌ ኮምፒውተሩን ከፈተችና ልጅቷን ጠራቻት።

«እህቴ፣ አንድ ጊዜ እዚህ ነይ። እናትሽ የጻፉልሽን መልእክት ሳትለውጪ እዚህ ጻፊልኝ።»

ልጅቷ ተቀመጠችና መምታት ጀመረች። ስክሪኑ ላይ የፈረንጅ ፊደላት ትርጉም ሳይሰጡ ተደረደሩ። አጥፍታ ደገመችው። ያው ነው።

«አማርኛ የለውም» አለች።

«የለውም» አለች መርፌ። «ከትላንት በስቲያ ጠዋት ጀምሮ የለውም። እንግዲህ እናትሽ ከሰዓት በኋላ ‹መጽሐፌን እየጻፍኩ ነው› ብለው በአማርኛ የጻፉት በምንድነው?»

ልጅቷ ጣቶቿን ከቁልፎቹ ላይ አነሳች።

«ከደረጃው ልጀምር» አለች፣ ከመስኮት ወደ በር እየተመላለሰች። «እትዬ በማንበቢያ መነጽር ደረጃ አይወርዱም። እንዳደረጉት ነው የሞቱት፤ ስለዚህ ለመውረድ አላሰቡም። በጀርባቸው ነው የወደቁት፣ እግራቸው ወደ ላይ ቀርቶ። ይህም ማለት ጀርባቸውን ለደረጃው፣ ፊታቸውን ለዚህ ክፍል ሰጥተው ቆመው ነበር። ደረጃው አናት ላይ ከሰው ጋር እየተነጋገሩ ነበር። ያ ሰው ገፋቸው።

«ቀጥሎ መልእክቱ። ከዚህ ኮምፒውተር አልተላከም፤ ከስልካቸውም አይሆንም። የይለፍ ቃላቸውን የሰረቀ ሰው ከሌላ ቦታ ሆኖ ነው የላከው። ለምን? ከሰዓት በኋላ በሕይወት ነበሩ እንዲባል። እንዲህ መባሉ የሚጠቅመው ከምሳ በኋላ ሰው መሃል ለዋለ፣ በምሳ ሰዓት ግን የት እንደነበር ምስክር ለሌለው ነው።

«ያ ሰው አንድ ነገር አላወቀም፤ ሲስተሙ መቀየሩን። ባለሙያው ራሱ ነው የቀየረው። ጋሼ ቁጭ ብለው አይተዋል። እነዚህ ሁለቱ ቢሆኑ ‹እየጻፍኩ ነው› የሚል ውሸት አይፈጥሩም ነበር። እህቴ አላወቀችም፤ እሷ ግን ከጠዋት ጀምሮ ፈተና ክፍል ውስጥ ነበረች፣ ስልኳም በር ላይ ነበር።» ቆም አለች። «እርስዎ ግን ትላንት፣ ከሞቱ በኋላ እንኳ፣ ‹ገና አልወሰኑም ነበር› አሉኝ።»

መሐንዲሱ አልተንቀሳቀሰም። «ይህ ግምት ነው።»

መርፌ ወደ ባለሙያው ዞረች። «ሰላዩ ምን ተብሎ ነበር የተጫነው?»

«ጸረ ቫይረስ ተብሎ» አለ ባለሙያው ቀስ ብሎ። «ጠባቂ መስሎ ነው የተቀመጠው።»

ልጅቷ ወደ ባሏ ዞረች። ነጠላዋ ከእጇ ወደቀ። «አንተ ነህ ያመጣህላት» አለች። «በፍላሽ። እኔ ነኝ ሳመሰግንህ የነበርኩት።»

«መልእክቱ ከየትኛው መሥሪያ ቤት መስመር እንደወጣ ጠይቀናል» አለች መርፌ። «መልሱ እስኪመጣ መጠበቅ እንችላለን።»

መሐንዲሱ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ፣ እንደማያውቃቸው ሁሉ አያቸው።

«እናቴ ልትሞት ስትል ነው የነገረችኝ» አለ። «እሷ አልወለደችኝም። በወሊድ የሞተች አንዲት ልጃገረድ ልጅ ነኝ። አዋላጇ እኔን ለእናቴ ሰጧት። አባቴ እስከ ዛሬ አያውቅም። ሊሞት ነው፤ ልጄ እያለኝ ይሙት ብዬ ነው። መጽሐፉን ሲጀምሩ እንቅልፍ አጣሁ። በየቀኑ አነብ ነበር። ወደ ተወለድኩበት ጊዜ የቀረቡ መሰለኝ።»

«በምሳ ሰዓት ጠሩዎት።»

«‹ያስገባኸውን አገኘሁት› አሉኝ። ሲስተሙን ስለመቀየራቸው ግን አልነገሩኝም። አልተቆጡም። ‹ልጄን የዳርኩልህ ማን እንደሆንክ እያወቅኩ ነው፤ አንተን አልጽፍም› አሉ። አላመንኳቸውም። ፋይሉን ላጠፋ ወደ ክፍሉ ልገባ ስል በሩ ላይ ቆሙብኝ። ከዚህ አታልፍም አሉ። ክንዳቸውን ይዤ ከበሩ ሳብኳቸው፤ ለማለፍ ገፋኋቸው። ደረጃው ከኋላቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ውስጥ አልገባሁም። ሮጥኩ።»

መርፌ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«እኔ ትላንት ማታ አነበብኩት። እርስዎስ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አንብበዋል?»

«ሁሉንም።»

«ስንት ሴቶች አሉበት?»

«ብዙ። መቶም ይሆናሉ።»

«የአንዷን ስም ይንገሩኝ።»

አፉን ከፈተ። ሽማግሌው ቀና አሉ፤ ልጅቷም አተኩራ አየችው። መሐንዲሱ ግንባሩን አኮማትሮ ፈለገ፣ ገጾቹን በሐሳቡ አገላበጠ።

«የለም» አለ በመጨረሻ። «የማንም ስም የለም። ሠፈር የለም፣ ቀን የለም። ‹አንዲት እናት› ነው የሚሉት።»

«ይህንን ሁሉ ጊዜ ሲያነቡት ነበር» አለች መርፌ።

ከታች የሚጠብቁትን ፖሊሶች ጠራች። ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወርዱ ግድግዳውን በእጁ ደግፎ፣ እርከን በእርከን እየረገጠ ነበር። ውጭ ሁለት መኪናዎች ቆመዋል። ልጅቷ ቃሏን ለመስጠት መሄድ ነበረባትና ነጠላዋን አንስታ ወጣች፤ የመጀመሪያው መኪና በር ጋ ስትደርስ ባሏ ውስጥ መቀመጡን አየችና ቆመች።

«እኔ በሌላው ልሂድ» አለች።

መርፌ በሁለተኛው መኪና የራሷን መቀመጫ ለቀቀችላት።