የታፈነው ቀንድ

የነጎድ ቀንድ በሳርምባ ምድር ተነፍቶ መልስ ያጣው በዚያ ዓመት ብቻ ነው።

ነጎድ በጥንት ዘመን ደመና ላይ ይሰማራ የነበረ ሰማያዊ ጎሽ ነው። ሲሞት አንዱን ቀንዱን ትንሿ ሳርምባ፣ ሌላውን ታላቋ ዘገር ወሰዱ። ነገሥታቱም በሬሳው ላይ እጃቸውን ጭነው «ጠላትህ ጠላቴ፣ ሞትህ ሞቴ ይሁን» ብለው ተማማሉ። ከዚያ ወዲህ አንደኛው ቀንድ ሲነፋ ሌላኛው በራሱ ይጮሃል፤ የሰማውም ወገን ጦሩን ይዞ ይደርሳል። ዘገር በነፋች ቁጥር ሳርምባ ልጆቿን ልካለች። አሁን ግን ጥላሞት የሚባሉ የጨው በረሃ ፍጡራን ተነሥተው፣ የነኩት አዝመራ ሁሉ አመድ እየሆነ፣ ሳርምባ በተራዋ ብትነፋ ከወዲያ ማዶ ዘገር ዝም አለች።

የአገሩ ገዥ ራስ አንዳርጌ ቆስለው በምሽጉ በር ላይ ነበሩ። ልጃቸውን ሐረግወይንን አስጠሩ።

«ሂጂና ለምን ዝም እንዳሉ ጠይቂልኝ። ለምኚ አላልኩሽም፤ ጠይቂ። እስክትመለሺ በሩን እይዘዋለሁ።»

አብሯት የወጣው ወንድይራድ ነው፤ በዘገር ጦርነቶች ሁሉ ዘምቶ ግራ እጁን እዚያው ጥሎ የተመለሰ ሽማግሌ ወታደር።

መንገዳቸው በአንቀላፊው ተራራ በኩል ነበር። ያ ተራራ ይተነፍሳል፤ ሊያርፍ የተቀመጠበትን መንገደኛ ወደ ድንጋይ ይለውጠዋል። በየመንገዱ ዳር ጉልበታቸውን አቅፈው የቀሩ ሰዎች ነበሩ። ሐረግወይን ዓይኗ እየተከደነ፣ እግሯ እየጎተተ፣ እንቅልፍ እንዳይጥላት ሽማግሌውን ታስወራው ጀመር።

«ጋሼ ወንድይራድ፣ የሰው ጦርነት ውስጥ ምን አገባዎት?»

«ቀንዱ ጮኸ፤ ሄድኩ። እጄ ሲቆረጥ ተሸክሞ ያወጣኝ የዘገር ወታደር ነው። የማሉትስ ነገሥታት ናቸው ልጄ፤ ቃሉን የኖርነው እኛ ነን።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ቀንዱ ታፍኖ ይሆናል። የታፈነ የነጎድ ቀንድ ደግሞ የሚከፈተው በአንድ ሰው ሙሉ እስትንፋስ ነው፤ ለነፊው የሚተርፍ የለም» አለና ጨዋታ ለወጠ።

እንደፈራው ሆነ። በዘገር አዳራሽ ቀንዱ ከዙፋኑ በላይ ተሰቅሏል፤ አፉ ግን በሰም ተደፍኗል። ንጉሥ ታርማን የልጅቱን አቧራ የጠጣ ልብስ አይቶ በርኅራኄ ፈገግ አለ።

«ወዳጅነታችን እንደ ጥንቱ ነው። ዘመኑ ግን ተለውጧል። የምሽጋችሁን በር ለዘገር ዘብ ለዘላለም አስረክቡ፤ ጦሬ ዛሬውኑ ይነሣል።»

ሐረግወይንን መቀመጥ ብቻ አማራት። «እሺ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ዋጠችው።

«ንጉሥ ሆይ፣ እሳት ሊያጠፋ የመጣ ጎረቤት የቤቱን ቁልፍ አይጠይቅም። አባቶቻችን ሲማማሉ ስለ በር አልተነጋገሩም።»

«እንግዲያው በመጣሽበት ተመለሺ።»

ይህን ጊዜ ወንድይራድ ወደ ዙፋኑ ተራመደ። ከዘቦቹ መካከል የሸበቱት አወቁት፤ ጦራቸውን ዝቅ አድርገው አሳለፉት። ቀንዱን አውርዶ በክንዱ ጉማጅ ደረቱ ላይ ደገፈና ሰሙን በጩቤ ይፈነቅል ጀመር።

«ጋሼ፣ ይተዉት!»

«ደክሞኛል ልጄ። ያንን ተራራ ሁለተኛ አልወጣውም» አላትና ነፋ።

ድምፁ ግንቡን አልፎ፣ ገበያውን አልፎ፣ እስከ ጦር ሰፈሩ ነጎደ። ሲያበቃ ሽማግሌው በዙፋኑ እግር ሥር ተዘርግቶ ነበር። የዘገር ወታደር ሁሉ ሲቀጠር «ቀንዱ ሲጮህ የቀረሁ እንደሆነ እርጉም ልሁን» ብሎ ይምላልና፣ ከየሰፈሩ ጋሻ እያነገበ ወጣ። ንጉሡ በመስኮት አየ። ቢከለክል የሚሰማው እንደሌለ ገባው፤ «ዝመቱ» አለ፣ እንዳዘዘ ሰው።

ማንም ለዕረፍት ሳይቀመጥ ተራራውን ተሻገሩ። ምሽጉ ሥር ሳርምባና ዘገር ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ተዋጉ። ብዙ ሰው ወደቀ፤ ጥላሞቶቹ ግን አንድ በአንድ ጨው እየሆኑ ረገፉ። በሩ አልተደፈረም ነበር። ራስ አንዳርጌ ጦራቸውን ተደግፈው፣ እንደቆሙ ሞተው ልጃቸው አገኘቻቸው። የሁለቱን አገር ሙታን በአንድ ሜዳ ቀበሩ፤ የተረፈው የዘገር ጦርም ወደ አገሩ ተመለሰ። ሐረግወይን በአባቷ ወንበር ተቀመጠች።

የለቅሶው ድንኳን ገና ሳይነሣ የሳርምባ ቀንድ ጮኸ። ተከትሎ የታርማን መልእክተኛ ደረሰ።

«እመቤቴ፣ ከባሕር የወጣ ዘንዶ ወደቦቻችንን እያወደመ ነው። ንጉሡ በቃል ኪዳናችን ድረሱልኝ ይላሉ።»

የሳርምባ ሽማግሌዎች በቁጣ ተነሡ። «ቀንዱን በሰም የደፈነ እሱ አይደለም እንዴ? ምን ዓይን አለው!»

ሐረግወይን ወደ ውጭ ተመለከተች። ከድንኳኑ ደጃፍ አዲሱ የመቃብር ሜዳ ይታያል፤ የዘገር ልጆች የትኞቹ፣ የሳርምባ የትኞቹ እንደሆኑ ከአፈሩ አይለይም።

«እነዚያን ንጉሡ አልላካቸውም» አለች። «ሰውየውን እህል ውሃ አቅምሱት። የሚዘምት ይዘጋጅ፤ እኔም እሄዳለሁ።»

ከዚያ የለበሰችውን ጥቁር ነጠላ አውልቃ አጠፈችና ለእናቷ ሰጠቻት።

«አስቀምጪልኝ እማዬ» አለቻት፤ «ለቅሶዬን ስመለስ እጨርሳለሁ።»