መስኮት ሦስት፦ የጠፋ ካርድ

«እስቲ የኮቴን ኪስ ደግመሽ እዪልኝ፤ የውስጡን» አሉ አያቷ።

ሚጣ የኮቱን የውስጥ ኪስ ለአራተኛ ጊዜ ገለበጠችው። መሀረብ፣ የመነጽር መወልወያ ጨርቅ፣ የማይጽፍ እስክሪብቶ። «የለም አባባ» አለች፣ እንደሌለ ከማንም በላይ እያወቀች።

የአያቷ የድጎማ ካርድ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በእሷ የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ በጂኦግራፊ መጽሐፏ መሐል ነበር። ከተቀመጡበት አልጋ ሦስት እርምጃ አይርቅም።

አያቷ ዙሪያቸውን ተመለከቱ። መሳቢያው ወለሉ ላይ ተዘርግፏል፣ ፍራሹ ተገልብጧል፣ ጫማዎቻቸው እንኳ አንድ በአንድ ተራግፈዋል። ካርዱ መንግሥት ለጡረተኞች የሚሰጠው ነው፤ በየወሩ ዱቄትና ዘይት፣ ከዚያ በላይ ደግሞ የደም ግፊት ኪኒናቸውን ያወጡበታል። ግን አሁን የሚያስጨንቃቸው ዱቄቱም ኪኒናውም አልነበረም።

«ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ ማዞሪያ ላይ ስሠራ የስንቱን ሰው ቁጥር በቃሌ ይዤ ነበር መሰለሽ» አሉ። «አንድ ቀን ደብተር ገልጬ አላውቅም። አሁን አንዲት ካርድ የት እንዳስቀመጥኩ ጠፋኝ።»

«ሰው ዕቃ ይጠፋበታል እኮ አባባ።»

«ታላቅ ወንድሜም እንዲህ ነው የጀመረው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «መጀመሪያ ቁልፉን። ቀጥሎ የቤቱን መንገድ። በመጨረሻ እኔን።»

ሚጣ ምድር ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። አያቷ ፈርተው አይታቸው አታውቅም። ሰው ሁሉ ሲፈራ የሚያረጋጉት እሳቸው ነበሩ፤ አሁን ግን የኮታቸውን ቁልፍ ሲቆልፉ ጣታቸው ይንቀጠቀጣል።

ነገሩ የተጀመረው ሰኞ ዕለት፣ በመልካም ሐሳብ ነው። ካርዱ ስስ ነበር፤ ጠርዙ ተጨራምቶ መላጥ ጀምሯል። ሚጣ ላሚኔት አስደርጋ ልታስደንቃቸው አሰበችና ሳይነቁ ከመሳቢያቸው ወሰደችው። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደች። ባለ ፎቶ ኮፒው ካርዱን በፕላስቲክ አድርጎ ማሽኑ ውስጥ ከተተው። ነጭ ሆኖ ገባ፤ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሮ ወጣ። ፎቶው የለ፣ ስሙ የለ፣ ቁጥሩ የለ፣ ማኅተሙ የለ።

«ውይ!» አለ ሰውዬው። «ይሄ እኮ በሙቀት የሚታተመው ዓይነት ነው። ሙቀት ሲነካው ሁለመናው ይጠቁራል። ምነው ሳትነግሪኝ?»

ሚጣ የማታውቀውን ከየት አምጥታ ትነግረዋለች? ቅንድብ አበጃለሁ ብላ ዓይን አጠፋች ማለት እሷ ናት። ሰውዬው ሒሳቡን ትቶላት ላሚኔቱን ግን አሳምሮ ሠርቶ ነበር፤ ጥቁሩ ካርድ ያብረቀርቃል።

በማግስቱ ለጓደኛዋ ነገረቻት። ጓደኛዋን ክፍሉ በሙሉ «ጠበቃ» ነው የሚላት፤ ያረፈደ ተማሪ፣ የቤት ሥራ ያልሠራ ተማሪ፣ ሁሉም ምክር ፍለጋ ወደ እሷ ነው የሚሮጠው።

«ምን ያስለቅስሻል?» አለች ጠበቃ። «አንቺ ምንም አትበዪ። ካርዱን ሲያጡት ራሳቸው ጠፋ ይላሉ። ጠፋ ከተባለ ሌላ ይሰጣቸዋል። አለቀ!»

«ግን እኮ እሳቸው...»

«በናትሽ አታካብጂ! ሽማግሌ ዕቃ ጠፋበት ቢባል ማን ይገረማል? ፈታ በይ።»

ያን ጊዜ ነገሩ ብልህነት መስሎ ታይቷት ነበር። ሽማግሌው ራሳቸው ይደነግጣሉ ብላ ግን ጠበቃም፣ እሷም አላሰበችም።

ትናንት እናቷ ከልብስ ስፌት ፋብሪካው አስፈቅዳ አያቷን ፖሊስ ጣቢያ ወሰደቻቸው። «ካርዴን እኔው ራሴ ጥያለሁ» ብለው ቃላቸውን ሰጥተው፣ ፈርመው፣ ወረቀት ይዘው ተመለሱ። ዛሬ ምትክ ካርድ ማመልከት ነው የቀረው። እናቷ ሁለተኛ ቀን ፈቃድ ስላላገኘች፣ መምህራን ስብሰባ ስላላቸውም ትምህርት ስለሌለ፣ ሚጣ ናት ይዛቸው የምትሄደው።

«መንገድ ላይ እጃቸውን እንዳትለቂ» ብላታለች እናቷ ጠዋት ስትወጣ፣ በሹክሹክታ። እስከ ዛሬ እጃቸውን የያዘ ሰው አልነበረም። ሚጣ ቦርሳዋን አነገተች፤ ካርዱን ቤት ትታ ለመሄድ አልደፈረችም። ከዚያ የአያቷን እጅ ያዘችና ወጡ።

የድጎማ ጽሕፈት ቤቱ አዳራሽ በሰው ተሞልቷል። ጥበቃው ተራ ቁጥር ሰጣቸው፤ አርባ ሰባት። አያቷ ወረቀቷን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ተቀመጡ። በየደቂቃው ይመለከቷታል፤ ቁጥሩ የሚያመልጣቸው ይመስል።

ግድግዳው ላይ ትልቅ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሚጣ ተነሥታ አነበበችው። መስኮት ሦስት የጠፋ ካርድ ነው፤ የፖሊስ ማስረጃ፣ ሁለት ፎቶግራፍ፣ ከዚያ ሠላሳ ቀን መጠበቅ። መስኮት አራት የተበላሸ ካርድ ነው፤ የተበላሸውን ካርድ ይዞ መቅረብ፣ ምትኩን በዕለቱ መውሰድ።

በዕለቱ! የአያቷ ኪኒን ለስድስት ቀን ብቻ ነው የቀረው። ወደ ታች ስታነብ ደግሞ የባሰ መጣ፤ በቀይ ቀለም «ሐሰተኛ ቃል የሰጠ ሰው በሕግ ይጠየቃል» ይላል።

ቃል የሰጠው ማን ነው? የፈረመውስ? አሁን እውነቱን ብትናገር ፖሊስ የሚጠይቀው እሷን ሳይሆን አያቷን ቢሆንስ? ካቴና ሲገባላቸው በዓይነ ሕሊናዋ ታያት።

«አባባ፣ ሽንት ቤት ደርሼ መጣሁ።»

ሽንት ቤቱን ከውስጥ ቀረቀረችና ካርዱን አወጣችው። ቢጠፋ ሁሉም ነገር ያልቃል። ብትቀደው፣ ብትጥለው፣ ማንም አያውቅም። ጫፍና ጫፉን ይዛ ሳበችው፤ አልተቀደደም። ጠመዘዘችው፤ ተመልሶ ቀጥ አለ። በጥርሷ ሞከረች። ባለ ፎቶ ኮፒው ሥራውን ያውቃል፤ ይህን ላሚኔት እንኳን ጥርስ መጋዝም አይበግረው። እንዲያ ስትታገል የገዛ እጇን አየች፤ እንደ አያቷ ጣት ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ ራሷን ጠላች። ካርዱን ወደ ቦርሳዋ መልሳ ወጣች።

ስትመለስ ወንበራቸው ባዶ ነው። አያቷ መስኮት ሦስት ላይ ብቻቸውን ቆመዋል፤ ተራቸው ደርሶ ነበር። ሮጣ አጠገባቸው ደረሰች።

ሠራተኛዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ፊቷ የደከመ ግን ደግ ሴት ናት። የፖሊሱን ወረቀት አነበበችና «አባቴ፣ የካርድ ቁጥርዎን በቃል ያውቁት ይሆን?» አለች።

«እንዴታ! ሰባት ሁለት...» አሉ አያቷ። ቆም አሉ። «ሰባት ሁለት... ዜሮ። አይ፣ ቆይ። ሰባት...»

ያን ቁጥር ሚጣ ራሷ ከእሳቸው ሰምታ ታውቀዋለች፤ በየወሩ እንደ ዘፈን ይሉት ነበር። አሁን ግን ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ አይወጣም። ሰውነታቸው ሲያንስ በዓይኗ ያየች መሰላት። ቁጥሩን ያስረሳቸው እርጅና አይደለም። ሦስት ቀን ሙሉ «ረስተዋል» እየተባሉ ነው፤ በዝምታዋ ያለቻቸው ደግሞ እሷ ናት።

«አይጨነቁ አባቴ» አለች ሴትዮዋ በለሰለሰ ድምፅ። ከመሳቢያዋ ቢጫ ወረቀት አወጣች። «ለሚረሱ ሰዎች እንዲህ ዓይነት ቅጽ አለን። ካርዱ በሚወክልዎት ሰው ስም ይሆናል። ልጅ አለችዎት አይደል? እሷ ትመጣለች፣ እሷ ትወስዳለች። እርስዎ ከእንግዲህ መልፋት የለብዎትም፣ ቤትዎ ያርፋሉ።»

እስክሪብቶዋን አንሥታ አንዲት ትንሽ ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረገች። ሚጣ ከመስታወቱ ባሻገር አነበበችው። «ጉዳዩን በራሱ መፈጸም የማይችል» ይላል።

በየወሩ መጀመሪያ አያቷ ጫማቸውን ወልውለው፣ ከጡረተኛ ጓደኞቻቸው ጋር ተቀጣጥረው ወደ ድጎማ ሱቅ ይሄዳሉ። ግማሽ ቀን ሙሉ ሲከራከሩና ሲሳሳቁ ውለው ይመለሳሉ። ከዚህ ወረቀት በኋላ ያ ሁሉ ይቀራል።

«እሺ» አሉ አያቷ። «እሺ የኔ ልጅ። የት ላይ ነው የምፈርመው?»

ቀዩ ጽሑፍ፣ ፖሊሱ፣ እናቷ፣ ሁሉም ባንድ ላይ መጣባት። ሚጣ በመስታወቱ ሥር እጇን ዘርግታ ቅጹን ሸፈነችው።

«አባባ፣ አይፈርሙ።»

ካርዱን አውጥታ መስኮቱ ላይ አኖረችው። «አልጠፋም» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «እኔ ነኝ የወሰድኩት። ላሚኔት ላስደርገው ብዬ ጠቆረብኝ። ከሰኞ ጀምሮ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ፖሊስ ጋ የተባለውም... እሳቸው አያውቁም። እሳቸውን እንዳትጠይቋቸው፣ እኔን ጠይቁኝ።»

ሴትዮዋ መነጽሯን ከግንባሯ ወደ ዓይኗ አወረደች። «አያትሽ ሦስት ቀን ሙሉ ሲፈልጉ እያየሽ?»

«የዘንድሮ ልጅ!» አለ ከኋላ የተሰለፈ ሰው። ሚጣ ዞር ብላ ለማየት አልደፈረችም።

አያቷ ካርዱን አነሡት። ፊቱን አዩ፣ ገልብጠው ጀርባውን አዩ። «አልጣልኩትም?» አሉ።

«አልጣሉትም።»

«የት ነበር ያስቀመጥኩት?»

«መሳቢያው ውስጥ።»

«በቀኝ በኩል? ከመነጽሬ ቤት ሥር?»

«በቀኝ በኩል አባባ። ከመነጽርዎ ቤት ሥር።»

አያቷ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ሴትዮዋ ቢጫውን ቅጽ ልትቀደው ስታነሣ ግን «ቆይ፣ እኔው» አሉና ተቀበሏት። ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት ቀደዱት፤ ቁርጥራጩን አስተካክለው ደርድረው መለሱላት።

«እንግዲህ መስኮት አራት ነው የምትሄዱት» አለች ሴትዮዋ። «ካርዱ ዛሬውኑ ይሰጥዎታል። የፖሊሱን ወረቀት ግን እናንተው መልሳችሁ፣ እንዴት እንደሆነ መናገር አለባችሁ። አባቴ፣ እርስዎ የሚያውቁትን ነው የተናገሩት፤ ማንም ምንም አይልዎትም።» ሚጣን አየቻት። ስለ እሷ ምንም አላለችም።

መስኮት አራት ጋ ወረፋ አለ። ሚጣ የአያቷን እጅ ልትይዝ ሞከረች። እጃቸውን መነጨቁ።

«ልቀቂኝ። መንገዱን አውቀዋለሁ።»

ተቀመጡ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አድርገው የወረፋውን ሰው ይቆጥሩ ጀመር። እንዲህ ከሚሆን ቢጮኹባት ይሻላት ነበር። እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ማክሰኞ ማታ» አሉ በመጨረሻ፣ ሳያይዋት፣ «ስምሽን ወረቀት ላይ ጽፌ ትራሴ ሥር አኖርኩት። ጠዋት ብረሳውስ ብዬ።»

«ይቅርታ» የሚለው ቃል አፏ ድረስ መጥቶ ትንሽ ሆነባት።

«እናትሽ ምሳ ወጥታለች በዚህ ሰዓት» አሉ አያቷ፣ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው እየሰጧት። «ደውዪላት።»

«አባባ፣ እርስዎ ቢነግሯት...»

«እኔ አልነግርልሽም።»

ስልኩን ተቀብላ ወደ አዳራሹ በር ወጣች። ደወለች። አንዴ ጠራ፣ ሁለቴ ጠራ። እናቷ ባታነሣ ብላ ተመኘች።

«ሄሎ! አባባ? ምነው? ሚጣ፣ አንቺ ነሽ? አባባ ምን ሆኑ?»

ከእናቷ ድምፅ በስተጀርባ የሴቶች ሳቅና የሰሃን ኳኳታ ይሰማል። «ካርዱ ዛሬ ሊሰጠን ነው» ብትል ውሸት አይሆንም፤ ጠበቃም ብትሆን ከዚህ የተሻለ መልስ አታገኝም። ሚጣ በበሩ ወደ ውስጥ አየች። አያቷ ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ባለው ባዶ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ለመጣ ሰው «ሰው አለው» ሲሉ በእጃቸው ምልክት ሰጡት።

«አባባ ምንም አልሆኑም እማ» አለች። «እኔ ነኝ። ቁጭ ብለሽ ስሚኝ።»