በአንድ መቃ

በቡዊንዲ ደን ጥግ ጎሪላ ለማየት የሚመጡ እንግዶች ጉዞ የሚጀምረው ከደኑ አይደለም፤ ከዋዜማው ከሰዓት በኋላ፥ ከቲንድዬብዋ ግቢ ነው። ቲንድዬብዋ የተሸካሚዎች አለቃ ናቸው። ከእርሳቸው ዝርዝር ስሙ የወጣ ሰው በዚያ ተራራ ሌላ ሥራ አያገኝም።

በዚያ ቅዳሜ ተሸካሚዎቹ ለስምንት እንግዶች ይሰናዱ ነበር። አንዱ የመመርኮዣ ዱላ ይልጣል፤ ሌላው ጫማ ያጥባል። የሰው ጉንፋን ለጎሪላ ሞት ነውና፥ ሲያስነጥስ የተሰማ አንድ ጎልማሳ ወደ ቤቱ ተሸኝቷል። የአለቃው ልጅ ኬቢሩንጊ፥ እርሷም ተሸካሚ ናት፥ እሾህ የቀደዳቸውን ጓንቶች ትጠግናለች። በመካከላቸው የማሽላ ጠላ የሞላ ማሰሮ ተቀምጧል፤ ለየሰዉ ረጅም መቃ ተሰክቶበታል።

ዱካ ፈላጊው ሴምባጋሬ መጥቶ እንደ ልማዱ ከአጥሩ ውጪ ቆመ። እርሱ ከባትዋ ወገን ነው። ደኑ ለጎሪላዎቹ ተከልሎ ባትዋዎች ከጥንት ቤታቸው እንዲወጡ ከተደረጉ ወዲህ፥ ባኪጋዎች፥ የእነ ቲንድዬብዋ ወገን፥ በአንድ ሜዳ ይኖራሉ እንጂ በአንድ ዕቃ አብረዋቸው አይጠጡም።

ከሁለት ክረምት በፊት ኬቢሩንጊ ከነሸክሟ ገደል ሥር ወድቃ፥ እግሯን ሳማ ለብልቧት ነበር። ሴምባጋሬ አንድ ቅጠል አሽቶ በመዳፏ ላይ አኖረና፥ እግሯን እስክትቀባ ፊቱን አዞረ። ያ ፊት ማዞር ከልቧ አልወጣም። ባለፈው ወር ሽማግሌ ቢልክ፥ አባቷ ሽማግሌውን ቁጭ በል እንኳ ሳይሉ መለሱት።

አሁን ግን አለቃው ይጠይቁታል፤ እርሱም ይመልሳል። ጎሪላዎቹ ከወንዙ ማዶ ማደሪያቸውን ሠርተዋል፤ አቀበቱ አድካሚ ነው፤ በመንገዱ ጉንዳን ስለ ፈሰሰ እንግዶቹ ሱሪያቸውን ካልሲ ውስጥ ይክተቱ። የተናገረው ሁሉ ወዲያው ትእዛዝ ሆነ። ቃሉን ይቀበላሉ፤ አፉን ይጸየፋሉ።

ሙጋሩራ የተባለው ተሸካሚ መቃውን ከአፉ ሳያወጣ፥ «ለመሆኑ ከወንዙ ማዶ ያሉት ዘመዶችህ ደኅና አደሩ?» አለው። ሳቁ ግቢውን ሞላው።

«ዘመዶቼስ ቢሆኑ እንደኛው ከጫካው በወጡ ነበር፥ ወንድሜ» አለ ሴምባጋሬ በዝግታ። «እነሱ ግን ቤታቸው ናቸው።»

ሳቁ ተቋረጠ። ኬቢሩንጊ መርፌዋን አስቀመጠች፤ ተነሥታም የአጥሩን በር ከፈተች።

«ግባ፥ ተቀመጥ» አለችው። የራሷን መቃ ከማሰሮው ሳትነቅል ወደ እርሱ አዘነበለችለት።

አባቷ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «አንቺ ልጅ፥ እሱ የቀመሰው ማሰሮ ይሰበራል።»

«ይሰበር፥ አባባ። በእሱ ዓይን ገደል ወርደን ወጥተን፥ በእሱ አፍ የሚመጣ ምን መርዝ አለ?»

ሴምባጋሬ አልተቀመጠም። ዓይኑ ከእርሷ በአባቷ ጎን ወዳለው የስም ዝርዝር፥ ከዝርዝሩ ወደ እርሷ ተመላለሰ።

«ይቅርብሽ፥ ኬቢሩንጊ። ነገ ስምሽን አይጠሩትም።»

«አንተ ትጠራኛለህ።»

ያን ጊዜ ተቀመጠ። ጎንበስ ብሎ አንድ ጊዜ ሳበ። እርሷም መቃውን ተቀብላ፥ ጫፉን ሳትጠርግ፥ አባቷን እያየች ጠጣች፤ ሳትቸኩል፥ እንደ ተጠማ ሰው።

ቲንድዬብዋ ማሰሮውን በእግራቸው ገለበጡት። ጠላው በዱላ ልጣጩ መካከል ፈሰሰ። ከዚያም ወረቀቱን አንሥተው የነገዎቹን ስሞች አነበቡ፤ የልጃቸው ስም ሲደርስ ዘለሉትና ወደሚቀጥለው አለፉ።

እርሷ የጠገነቻቸውን ጓንቶች ጥንድ በጥንድ አድርጋ ለየባለቤቱ ሰጠች። ሥራዋን ጨርሳ ወጣች።

ሴምባጋሬ ተከትሏት ወጥቶ፥ ወደ እናቱ ቤት ሰው በማይበዛበት በሻይ እርሻው በኩል እንሂድ ብሎ ጠየቃት። እርሷ በገበያው በኩል ይሻላል አለች። የሱቅ ሰዎች ሚዛናቸውን ትተው ወጥተው አዩዋቸው። አንዲት የእናቷ ባልንጀራ በስሟ ጠራቻት፤ ኬቢሩንጊም ሰላምታዋን መልሳ፥ ክንዱን ይዛ አለፈች።

የሴምባጋሬ እናት በራቸው ላይ ስኳር ድንች ይልጡ ነበር። ልጅቱን ባዩ ጊዜ ቢላዋቸው በእጃቸው እንዳለ ቆመ።

«ልጄ፥ ወገኖችሽ ወዴት እንደ መጣሽ ያውቃሉ?»

«በጠራራ ፀሐይ በገበያ መካከል ነው የመጣሁት፥ እማማ። የማያውቅ የለም።»

አሮጊቷ በተቀመጡበት ሰሌን ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁላት።