ይሉኝታ ሲገማ

እኔ የዓሣ ነጋዴ ልጅ ነኝ። እንግሊዝ አገር፣ ግሪምስቢ ወደብ ላይ የዓሣ አንጀት እየረገጥኩ ነው ያደግኩት፤ ሽታ በቀላሉ አይረታኝም። የዚያ በረት ሽታ ግን ረታኝ።

በረት ያልኩት ለስድብ አይደለም፤ እውነትም የላም በረት ነበር። ኖርፎክ ውስጥ፣ ከባሕሩ አሥር ደቂቃ ርቆ ያለውን አሮጌ በረት አድሰው፣ ነጭ መጋረጃ ሰቅለው ለእረፍተኛ ያከራዩታል። የፍቅረኛዬ የኤድመንድ ወላጆች ለአንድ ሳምንት ሲከራዩት እኔንም ጋበዙኝ።

ያኔ ከኤድመንድ ጋር ሦስት ዓመታችን ነበር። ዓይኑ ይወደኛል፣ እጁ ይወደኛል። አፉ ግን አንድም ቀን «እወድሻለሁ» ብሎኝ አያውቅም ነበር። ስለዚህ ለራሴ ቃል ገባሁ፦ እስከ ቅዳሜ ካልተናገረ፣ በቅዳሜው አውቶቡስ እሄዳለሁ፤ ዳግመኛም አያየኝም።

ሽታው ማክሰኞ ቁርስ ላይ ጀመረ። ረቡዕ ባሰበት።

«የባሕር አየር እንዴት ደስ ይላል!» አሉ እናቱ ፊሊፓ፣ መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው።

«በጣም እንጂ!» አሉ አባቱ ጀፍሪ፣ ሦስተኛውን መስኮት እየከፈቱ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል።

«ኧረ አይሸታችሁም?» አልኩ።

«ምኑ የኔ ቆንጆ?» አሉ ፊሊፓ በፈገግታ። ኤድመንድ ፊቱ ቀላ፤ ዳቦው ላይ ቅቤ መቀባቱን ቀጠለ።

ፍሪጁን፣ ጓዳውን፣ የቆሻሻ ቅርጫቱን በረበርኩ። ምንም የለም። ሐሙስ ዝንብ ወረረን። «ገጠር አይደል!» አሉ ጀፍሪ፤ ሻይም ተቀዳ። ያ ሁሉ ግማት መሀል ተቀምጠው ብስኩት ሲያቀባብሉ ሳይ፣ ከሽታው ይልቅ እነሱ አስጠሉኝ።

ከሻዩ በኋላ ፊሊፓ ወደ እኔ ጠጋ ብለው በሪባን የታሰረ ሳሙና እጄ ላይ አኖሩ።

«ላንቺ ነው ልጄ። ጠረኑ ግሩም ነው።»

የዓሣ ነጋዴው ልጅ ናት የምትሸተው ማለታቸው ነው! ፊቴ ነደደ። ኤድመንድን አየሁት። አየኝ፤ ከዚያ አቀርቅሮ የሻይ ኩባያውን አየ። ምን ዓይነት ወንድ ነው? አበቃ፣ ቅዳሜ ሄጃለሁ አልኩ።

ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ ልብሴን ላዘጋጅ ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር ሳብኩና ከፈትኩት። ወይኔ! በመስኮቱ ብቅ ብዬ አስመለስኩ።

የጎን ኪሱ ውስጥ ቡጢ የሚያህል የባሕር ዛጎል አለ። ከአፉ ጥቁር ዝልግልግ ነገር ይንጠባጠባል። መሀሉ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ብልጭ ይላል።

በሁለት ጣት ይዤ ወረድኩና ምሳ ጠረጴዛው መሀል፣ ከሥጋው አጠገብ አስቀመጥኩት።

«እንዴት ያለ... ደስ የሚል ዛጎል!» አሉ ፊሊፓ።

«ይገማል!» ጮህኩ። «አራት ቀን ሙሉ ገምቷል! አንድ ሰው እንኳ እውነት ይናገር እንጂ!»

ኤድመንድ ተነሣ።

«እኔ ነኝ። ሰኞ ባሕሩ ዳር አገኘሁት። ባዶ መስሎኝ ላንቺ የገዛሁትን የቃል ኪዳን ቀለበት ከተትኩበትና ሻንጣሽ ውስጥ ደበቅኩት። በማግስቱ ልነግርሽ ነበር። ለካ ቀንድ አውጣው ውስጡ ነበር። መሽተት ሲጀምር አፈርኩ።»

«እናትህ ሳሙና ሲሰጡኝም እያወቅክ ዝም አልክ?»

«አዎ።»

ከልቤ አስጠላኝ። መጥፎነቱ ደግሞ፣ ያን ያህል እያስጠላኝም እወደዋለሁ።

«አውጣው» አልኩት።

«በምን?»

«በጣትህ! እየተናገርክ!»

ጣቱን ከተተ። ጿ! የሚል ድምፅ ሲሰማ ጀፍሪ አፋቸውን ይዘው ወደ ደጅ ሮጡ።

«እወድሻለሁ» አለ እየተናነቀው።

«አልሰማሁም።»

«እወድሻለሁ! ቴሳ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እወድሻለሁ! አምላኬ፣ እንዴት ይገማል! አግቢኝ!»

ፊሊፓ መሐረባቸውን ወረወሩት። «እውነቱን ነው» አሉ፤ «ኧረ ክፉኛ ይገማል! ይቅር በይኝ ልጄ።»

የቅዳሜው አውቶቡስ ያለ እኔ ሄደ። ቀለበቱን በዚያው ሳሙና ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ዛሬም ዝናብ በዘነበ ቁጥር ትንሽ ይሸታል። ኤድመንድ እጄን ይስምና ፊቱን አጨማዶ፦

«ይሸታል» ይለኛል።