ለነጯ ፒክአፕ የቀረበው ዘይት

ሟቹ ከነጭ ፒክአፕ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ቀኝ እጁ አጠገብ የቡሎን መፍቻ ወድቋል። ከጎኑ አሮጌ ጥቁር ዘይት የሞላ ሳፋ፣ ከጎማው ሥር ደግሞ አፉ የተከፈተ የአዲስ ዘይት ጋሎን ተቀምጧል። ክሪኩ ተንሸራቶ በጎኑ ተኝቷል። ላየው ሁሉ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ሰውየው በምሳ ሰዓት ብቻውን ዘይት ሲቀይር መኪናዋ ወደቀችበት።

መርማሪዋም ነገሩ እንዲያ ቢሆንላት ደስታዋ ነበር። ጠረጴዛዋ ላይ ያልተዘጉ ሦስት መዝገቦች አሉ። ግራ ጉልበቷ ደረጃ በወጣች ቁጥር ያሠቃያታል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ሬሳ ስታይ ኖራ እንቅልፍ ጠግባ አታውቅም። «የሥራ ላይ አደጋ» ብላ ፈርማ ብትሄድ የሚቀየማት አልነበረም። ያስቀራት የሟቹ ልጅ ናት።

ልጅቱ እንደ አባቷ መካኒክ ናት። በሩ ላይ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ፣ ቅባት የነካው እጇን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ፣ ለሚጠይቃትም ለማይጠይቃትም አንድ ነገር ብቻ ትናገራለች። ጋራዡ ያለው በክሪክ የተነሳ መኪና እንዳይወድቅ የሚይዝ ሁለት የብረት መደገፊያ ብቻ ነው። ጠዋት ሁለቱንም ሚኒባስ ሥር አስገብታቸው ነበር፤ ሳታወጣቸው ምሳዋን ልትበላ ሄደች። አባቷ ያለ መደገፊያ ገባ። «እኔ ነኝ የገደልኩት» ትላለች። ወጣቱ ፖሊስም አምኗት በቸልተኝነት ሰው መግደል የሚል ክስ መጻፍ ጀምሯል።

«እስቲ እስክሪብቶህን አሳርፈው» አለችው መርማሪዋ። «ሰው ራሱን ሲከስ አንድ ቀን መታገስ ደግ ነው።»

ሟቹን ሰፈሩ በሙሉ «ማኑዋል» ነበር የሚለው። የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ሳይገልጥ አንድ ቡሎን አይፈታም። ቀልደኞቹማ ሚስት ሲያጩለት መመሪያዋን አምጡልኝ ብሏል እያሉ ይስቁበት ነበር። እሱም አብሮ ይስቅና ወደ መጽሐፉ ይመለሳል።

መርማሪዋ ስለ መኪና የምታውቀው ቁልፍ ማዞር ብቻ ነው። ይህም አንዳንዴ ይጠቅማል፤ የማያውቅ ሰው መጠየቅ አያፍርም። ጋሎኑን በጓንት አንስታ ወደ ልጅቱ ሄደች።

«ይህ የምን ዘይት ነው፣ ልጄ?»

ልጅቱ ቀና ብላ አየችው። የጀመረችውን ራስን መክሰስ ለመጀመሪያ ጊዜ አቋረጠች።

«አሥራ አምስት አርባ ነው። ወፍራሙ። ለአሮጌ ጭነት መኪና የምናደርገው።»

«ለዚች ፒክአፕስ?»

«ለሷ አይሆንም። እሷ አምስት ሠላሳ ናት፣ ቀጭኑ፣ አመድ የማይተወው። ጠዋት ገዝቼ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር አስቀምጬዋለሁ።»

እውነትም ሁለት ጋሎን ቀጭን ዘይት እንደታሸገ ከጠረጴዛው ሥር ነበር፤ ከሬሳው ሁለት እርምጃ አይርቅም።

«አባትሽ ተሳስቶ አንስቶት ይሆን?»

«አባቴ? በዘይት?» አለች ልጅቱ፤ ከሐዘኗ መሃል የተቆጣች መሰለች።

ከዚያ በኋላ ልጅቱን መጎትጎት አላስፈለገም፤ ራሷ ነገረቻት። አባቷ ዘይት ከማፍሰሱ በፊት ሞተሩን አሥር ደቂቃ ያሞቅ ነበር፣ ቆሻሻው አብሮ እንዲወርድ። የፒክአፗ ባትሪ ግን ጠዋት ተፈትቶ ቻርጅ ላይ ነው፤ ሞተሩ ሊነሳ አይችልም። ዘይቱ የፈሰሰው በቀዝቃዛው ነው ማለት ነው። መርማሪዋ ደግሞ ሌላ ነገር ጎደላት። የጋሎኑ ክዳን አለ፤ ክዳኑ ሲከፈት ከአፉ ላይ የሚላጠው ክብ ማሸጊያ ግን የለም። ጉልበቷን እየረገመች ተንበርክካ ወለሉን ፈተሸች፤ የቆሻሻ በርሜሉን ራሷ ገለበጠች። አልተገኘም።

ማምሻውን ሐኪሙ ደወለ። የደረቱ አጥንት ተሰብሯል፤ የተሰበረው ግን ልቡ ከቆመ በኋላ ነው። የገደለው የራስ ቅሉን ከኋላ ያገኘው የብረት ጠርዝ ነው። መኪናዋ የወደቀችው በሞተ ሰው ላይ ነበር። መርማሪዋ ስልኩን ዘጋችና ረጅም ትንፋሽ አወጣች። አራተኛ መዝገብ ተከፈተ።

በማግስቱ ጠዋት ከጋራዡ ጎን ያለውን ዘይት ሻጭ አነጋገረች። ሰውየው ባለፈው ወር ከማኑዋል ጋር ተጣልቷል፤ ማኑዋል አንድ ካርቶን ዘይት አስመስሎ የተሠራ ነው ብሎ መልሶበት ነበር። ይህን ራሱ ሻጩ ሳይደብቅ ተናገረ። በምሳ ሰዓት ሱቁ ውስጥ እንደነበር ሦስት ደንበኞች መስክረውለታል።

«ዘይት ዘይት አይደለም እንዴ?» አለችው መርማሪዋ። «ይህን ያህል ምን ያጣላል?»

«ድሮ ልክ ነሽ፣ ኢንስፔክተር። የዛሬዎቹ ፒክአፖች ጭስ ማውጫቸው ላይ ጥላሸት የሚይዝ ማጣሪያ አላቸው። ጥላሸቱን መኪናው ራሱ ያቃጥለዋል። ወፍራሙ የድሮ ዘይት ግን ሲነድ አመድ ይተዋል፤ አመድ ደግሞ ተመልሶ አይነድም። ማጣሪያውን እየደፈነ እየደፈነ ሄዶ አንድ ቀን ዳገት ላይ አቅም ያጥርሻል። ጋሼ ማኑዋል ይህን ሳይናገር የዋለበት ቀን የለም።»

የፒክአፗ ባለቤት ኢንጂነር ነው። እሱም ቸኩሎ ማኑዋልን ሲጨቀጭቅ ከርሟል፤ በምሳ ሰዓት ግን ስብሰባ ላይ ነበር። ለመኪናው የሚሆነውን ዘይት ገና ሳትጠይቀው ነገራት፤ አምና ወፍራሙን አድርጎ ማጣሪያ አስቀይሯል። ዋናው ወሬው ሌላ ነበር። በሚሠራበት ድርጅት ሦስት አዳዲስ ፒክአፖች አቅም አጥተው ቆመዋል። አንዷ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ተንሸራታ የሾፌሩ እግር ተቆርጧል። ድርጅቱ ጥፋቱን በሾፌሩ ላይ ጥሏል። ጉዳዩን የሚያጣራውን ኮሚቴ የሚመራው ኢንጂነሩ ነው፤ የባለሙያ አስተያየት እንዲጽፍ የጠየቀው ማኑዋልን ነበር።

«ደብዳቤውን ትናንት ከሰዓት ሊሰጠኝ ነበር» አለ ኢንጂነሩ። «አስቸጋሪው ነገር የድርጅቱ የመኪና ስምሪት ኃላፊ የማኑዋል የገዛ ታናሽ ወንድም መሆኑ ነው። ዘይቱን የሚያዘው እሱ ነው።»

መርማሪዋ ታናሽ ወንድሙን ቢሮው አገኘችው። ጠባብ ክፍል ነው፤ ግድግዳው ላይ የመኪና ቁልፎች በሰልፍ ተሰቅለዋል። ሰውየው ያለቅሳል፣ ደግሞም ከልቡ ነው። ጋራዡን ከረገጠ ወር እንዳለፈው፣ ትናንትም በምሳ ሰዓት ከቢሮው እንዳልወጣ፣ መርዶውን የወንድሙ ልጅ በስልክ እንደነገረችው አስረዳ። ጠረጴዛው ላይ ክብ የዘይት ማሸጊያዎች የሞሉበት የመስታወት ዕቃ አለ። መርማሪዋ ምን እንደሆነ ጠየቀችው።

«ሾፌር የተሰጠውን ዘይት መኪናው ላይ ሳይጨምር ይሸጣል፣ እህቴ። ስለዚህ ጋሎን የከፈተ ማሸጊያውን ያመጣልኛል። ሃያ ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት። እኔ ራሴ ስከፍት እንኳ ኪሴ ነው የምከተው።»

መርማሪዋ ራሷን ነቀነቀች። ለመውጣት ስትነሳ እንደ ዘበት ሌላ ነገር አነሳች፤ የእህቷ ልጅ አዲስ ፒክአፕ ገዝቶ በዘይት ግራ ገብቶታል፣ ምን ይመክረዋል?

«ናፍጣ ናት? ወፍራሙን ያድርግባት። ናፍጣ ናፍጣ ነው። ወንድሜ ነፍሱን ይማረውና ይህን የመጽሐፍ ነገር ያበዛው ነበር።»

ከሰዓት በኋላ የፍተሻ ፈቃድ ይዛ ተመልሳ የመስታወት ዕቃውን ወሰደች።

በሦስተኛው ቀን ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ዘይት ሻጩ በሩ ጋ ቆመ፤ ኢንጂነሩ ሰዓቱን ያያል፤ ልጅቱና አጎቷ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። አጎቷ እጇን ይዟል። መርማሪዋ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጋሎን፣ አንድ ወፍራም አንድ ቀጭን፣ አስቀምጣ ቀስ ብላ ጀመረች። ድምጿ ውስጥ የድል ስሜት አልነበረም።

ማኑዋል ከመኪናዋ ሥር ሳይገባ ሞቶ እንደነበር ነገረቻቸው። ስለዚህ ዘይት ሲቀይር የነበረ ለማስመሰል ሌላ ሰው ቡሎኑን ፈቷል፣ አሮጌውን ዘይት አፍስሷል፣ አዲስ ጋሎን ከፍቶ አቅርቧል፣ ሬሳውን ከሥሯ አስገብቶ ክሪኩን አንሸራቷል። ያ ሰው ሞተሩን አላሞቀም። እሱስ ይሁን፣ ባትሪ አልነበረም። ግን ለዚች ፒክአፕ ወፍራም ዘይት አቀረበላት።

«ከእናንተ መሃል ይህን የሚያደርግ ማን ነው?» አለች። «ልጅቱ ትክክለኛውን ጠዋት ራሷ ገዝታለች። ሻጩ የሸጠው እሱ ነው። ኢንጂነሩ አምና በዚሁ ስህተት ማጣሪያ አስቀይሯል። ሦስቱም ቢዋሹ ቀጭኑን አስቀምጠው ይዋሹ ነበር። ወፍራሙን የሚያነሳ ሰው ስህተት መሆኑን የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። አንድ ሰው ትናንት ናፍጣ ናፍጣ ነው ብሎኛል።»

አጎትየው የልጅቱን እጅ ለቀቀ።

«አለማወቅ ሰው መግደል አይደለም» አለ ኢንጂነሩ በቀስታ።

«አይደለም። ለዚህ ነው ማሸጊያውን የፈለግኩት። እያንዳንዱ ማሸጊያ ላይ የጋሎኑ ቁጥር ታትሟል። ስምሪት ቢሮ ካገኘናቸው ማሸጊያዎች ውስጥ አንዱ የዚህ የወፍራሙ ጋሎን ነው። ጋሎኑ ደግሞ ከዚህ ጋራዥ መደርደሪያ ወጥቶ አያውቅም። ወር ሙሉ እዚህ ያልረገጠ ሰው ይህን ከየት አገኘው? የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባላል። ወንድሙ እግሩ ሥር ወድቆ ሳለ፣ እሱ ላብ በላብ ሆኖ፣ ማሸጊያውን ልጦ ኪሱ ከተተ። እጁ ሃያ ዓመት የሠራውን ነው የሠራው። ቢሮው ሲደርስም ወደ ዕቃው ጨመረው።»

አጎትየው አልካደም። የደከመ ሰው ሸክሙን መሬት ላይ እንደሚያኖር ሆኖ ሁሉንም ተናገረ። ወንድሙ በምሳ ሰዓት ደውሎ ጠራው። ሲመጣ ስለ ዘይቱ የተጻፈው ደብዳቤ በወንድሙ እጅ ነበር። ሥራውን፣ ስሙን፣ የሰው ፊት የሚያይበትን ዓይኑን ሊያሳጣው እንደሆነ ገባውና ሊቀማው ታገለ፤ ገፈተረው። ማኑዋል ጭንቅላቱ ሥራ ጠረጴዛው ላይ በታሰረው ሞርሳ፣ በብረት መቆንጠጫው ጠርዝ ላይ አረፈ። ደብዳቤውን ከዚያ በኋላ ቢፈልገው አላገኘውም።

«የብረት መደገፊያዎቹን ባወጣኋቸውስ ኖሮ?» አለች ልጅቱ ወደ መርማሪዋ ዞራ።

«ምንም አይለወጥም ነበር፣ ልጄ። አንቺ የለሽበትም።»

ልጅቱ ሦስት ቀን ያላለቀሰችውን ያኔ አለቀሰች። ወጣቱ ፖሊስ የጀመረውን የክስ ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ አፍሮ ነበር።

መርማሪዋ ደብዳቤውን ከቦርሳዋ አወጣች። ሲገፋፉ ከማኑዋል እጅ አምልጦ ከመደርደሪያው ኋላ ገብቶ ነበር፤ ትናንት ማታ ራሷ አውጥታዋለች። ለልጅቱ ሰጠቻት። ልጅቱ ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችው።

«ሾፌሩ ጥፋት የለበትም። መኪናዎቹን ያቆማቸው ወፍራም ዘይት ነው። ዘይቱን ያዘዘው ወንድሜ ነው። ለናፍጣ ወፍራም ዘይት ብዬ ሥራ ያስተማርኩት ግን እኔ ነኝ፤ ያኔ ትክክል ነበር። መኪናው ሲለወጥ እኔ አነበብኩ፤ እሱን ቁጭ አድርጌ አላስነበብኩትም፤ ስቄበት አለፍኩ። ጥፋት ይቆጠር ከተባለ ግማሹ በእኔ ይያዝ። ከሥራው እንዳታስወጡት እለምናለሁ፤ እኔ አስተምረዋለሁ።»

አጎትየው እጁን ዘረጋና ወረቀቱን ወሰደ። ራሱ አነበበው፤ ጨርሶ እንደገና ከላይ ጀመረ።

«ምን አለ አስቀድሞ ቢያስነብበኝ» አለ።

«ሊያስነብብህ ነው እኮ የጠራህ፣ ጋሼ» አለች ልጅቱ።

ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ ቀረበ። መርማሪዋ በእጇ ምልክት አስቆመችው፤ ሰውየው ንባቡን እስኪጨርስ ቆሙ።