በመጥረጊያ የተነሣች ልጅ

«ቤትሽ ተገኘልሽ እኮ፣ ሱቴ!»

ኮቶሃ ይህን ያለችው ክፍሉ በሙሉ መጥረጊያና መወልወያ ይዞ በሚራወጥበት በጽዳት ሰዓት ነው። የሚቃጠል ቆሻሻ የሚጣልበት ቅርጫት ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፋለች፤ ወረቀቱ በወፍራም ማርከር «የሱቴ ቤት» ይላል። መስኮቱ አጠገብ የቆሙ ሁለት ልጆች ሳቁ። አንድ ልጅ ደግሞ ምንም እንዳልሰማ ሆኖ አሁን የጠረገውን ቦታ እንደገና ይጠርጋል።

«አንሺው» አለች ሱቴ።

«ምኑን? የተጣለውን?» ኮቶሃ ዐይኗን አፈጠጠች። «ሱቴ ማለት የተጣለች ማለት አይደል እንዴ? እኔ አላወጣሁልሽ! ገና ሲያዩሽ ትዝ ያላቸው ቤተሰቦችሽ ናቸው።»

እዚህ ትምህርት ቤት ከገባች ሦስት ዓመት ሊሞላት ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ራሷ በመረጠችው ስም «ሱዙ» ነበረች። ደብተሯ ላይ ሱዙ፣ የጫማ ሣጥኗ ላይ ሱዙ፣ ጓደኞቿ ለአዲስ ዓመት በሚልኩላት ካርድ ላይ ሱዙ። ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ የሚያውቋት ልጆች እንኳ የድሮውን ስም ረስተውት ነበር፤ ወይም ደግ ሆነው የረሱ መስለዋል። የምረቃ ወረቀት ላይ የሚጻፈው ግን መዝገብ ላይ ያለው ስም ነው። ሰኞ ዕለት «የስማችሁን ፊደል አረጋግጡ» ተብሎ የተመራቂዎቹ ዝርዝር ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ባለፈው መከር ከኦሳካ የመጣችው ኮቶሃ አነበበችው። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ሰላም የለም።

ሱቴ ወረቀቱን ቀደደችው። ቀጥላ ቅርጫቱን አንሥታ ያለውን ሁሉ ኮቶሃ ጫማ ላይ ደፋችው።

«አበድሽ እንዴ!»

«የቤቴ ዕቃ ነው። ያዥልኝ!»

የክፍል ኃላፊው መምህር ሃማዳ የገቡት ልክ ያን ጊዜ ነው። ማን እንደጀመረ አልጠየቁም፤ ማን እንደደፋ ብቻ ጠየቁ። ሱቴ ተንበርክካ የእርሳስ ፍቅፋቂና የአፍንጫ መጥረጊያ ወረቀት ስትለቅም ኮቶሃ ከላይ ቆማ ሙድ ትይዝባታለች። መምህሩ ጎንበስ ብለው «እስከ ዓርብ ቻዪው። ዓርብ ትመረቃላችሁ፣ ያልቃል» አሏት። እንዲህ ያለ ማጽናኛስ ቢቀር ይሻላል።

የስም ማስቀየሪያ ማመልከቻውን አትማ ቦርሳዋ ውስጥ ካስቀመጠች ሳምንት ሆኗታል። ዐሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ስሙን ለማስቀየር ያለ ወላጅ ወደ ቤተሰብ ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ይህን ካነበበች ጀምሮ ልደቷን ቀን እየቆጠረች ጠበቀች። ፍርድ ቤቱ በቂ ምክንያት ይፈልጋል፤ በአዲሱ ስም ለዓመታት መጠራትም ይረዳል። እሷ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ የሱዙን ደብተርና ካርድ አንድም ሳትጥል አጠራቅማለች። ስልኳ ላይ በየስሙ ስንት ሰው እንዳለ የሚቆጥር ገጽ አለ። «ሱዙ» ስትል የልጆቹ ዝርዝር አያልቅም። «ሱቴ» ስትል የሚመጡት ዘጠና ዓመት ያለፋቸው አሮጊቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ሞተዋል።

ቤት ስትደርስ እናቷ ቺዙኤ መጋዘኑ ውስጥ መንደሪን በመጠን በመጠኑ እየለየች ሣጥን ውስጥ ትከታለች።

«ሰኞ ከተማ እሄዳለሁ» አለች ሱቴ በሩ ላይ ቆማ።

«ምን ልትሠሪ?»

«ስሜን ላስቀይር።»

የቺዙኤ እጅ ባለበት ቀረ። «እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም።»

«ያንቺ የፈቃድ ማኅተም አያስፈልገኝም። ዐሥራ አምስት ሞልቶኛል።»

«አይሆንም አልኩ እኮ!»

«ለምን? ንገሪኛ! ሰው ልጁን የተጣለች ብሎ ይጠራል? ካልፈለግሽኝ ለምን ወለድሽኝ?»

«አፍሽን ያዢ!»

«አምስት ዓመቴ ላይ ጠየቅሁሽ፣ አፍሽን ያዢ። ዐሥር ዓመቴ ላይ ጠየቅሁሽ፣ አፍሽን ያዢ። አባቴን ብጠይቀው እናትሽን ጠይቂ። ማንን ልጠይቅ?»

«ኢሶኖን ጠይቂያት!» ቺዙኤ ጮኸች። «ያነሣችሽ እሷ ናት! ሂጂ ጠይቂያት፣ እኔን ተዪኝ!»

ኢሶኖ የኮቶሃ አያት ናቸው። በመስኖ ውሃ ተጣልተው ሁለቱ ቤቶች ከተኮራረፉ ዘጠኝ ዓመት አልፏል፤ መንገድ ላይ ሲገናኙም ሰላምታ የለም። «ያነሣችሽ» ማለትስ ምን ማለት ነው? በእውነትም ጥለዋታል ማለት ነው? ሱቴ ወደ ኢሶኖ ቤት እየሮጠች ቁልቁል ወረደች።

የውጭውን በር የከፈተችው ኮቶሃ ናት።

«ቆሻሻ የሚሰበሰበው ሐሙስ ነው» አለቻት።

«ካንቺ ጋር ወሬ የለኝም። ዘወር በይ።»

«ማናት እሷ? አስገቢያት!» የሚል ድምፅ ከጓሮ መጣ።

ኢሶኖ ለምግብ የሚደርቅ፣ ከባሕር የወጣ እርጥብ ቅጠል በልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ እየሰቀሉ ነው። ሱቴን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋትና መቆንጠጫ የሞላ ጣሳ አስያዟት።

«ከመጣሽ አይቀር አቀብዪኝ። እናትሽ ላከችሽ?»

«እማማ ኢሶኖ፣ ያነሡኝ እርስዎ ነዎት አለች።»

«በዘጠኝ ዓመት አንዴ እውነት ተናገረች።» አንድ ቅጠል ሰቀሉ። «ካንቺ በፊት ሁለት ነበሩ። ወንዱ ዐሥራ አንድ ቀን ቆየ፣ ሴቷ አንድ ወር። እናትሽ መጽሐፍ ገዝታ፣ የፊደሉን ጭረት ሳይቀር እየቆጠረች ነበር ስም የመረጠችላቸው። እንዴት ያለ የሚያምር ስም! ምን ዋጋ አለው፣ ድንጋይ ላይ ቀረ።»

መቃብር በሚታጠብበት ቀን እናቷ ለብቻዋ የምታጥባት አንዲት ትንሽ ድንጋይ አለች። ሱቴ የማን እንደሆነች ጠይቃ አታውቅም ነበር። ጣሳው እጇ ላይ ከበዳት።

«አንቺ ስትመጪ ‹ጣሏት› ያልኩት እኔ ነኝ» ቀጠሉ ኢሶኖ። «ድሮ እንዲህ ነው የሚደረገው። በልጅነቴ በዚህ መንደር ብቻ አራት ሱቴ ነበሩ፤ ሁሉም ልጅ አልበረክት ያለበት ቤት ልጆች ናቸው። የተጣለ ነገር ማን ይመኛል? ሞት ራሱ ይንቀዋል። አገር የገዛ ትልቅ ጌታ እንኳ ለልጁ ይህንኑ ስም አውጥቷል።»

«ልጁ አደገ?»

«በሦስት ዓመቱ ሞተ። እኔን አልጠሩኝማ!»

ሱቴ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር፤ ዋጠችው።

«በሰባተኛው ቀን እናትሽ ሰፌድ ላይ አስተኝታ መንታ መንገዱ ላይ አስቀመጠችሽ። እኔ መጥረጊያዬን ይዤ ድንገት እንደሚያልፍ ሰው መጣሁ። ስድስት ወልጄ ስድስቱንም አሳድጌያለሁ፣ እጄ መልካም ነው። ሦስት ጊዜ ጠረግሁሽና አነሣሁሽ። ኧረ ስትጮኺ! ከዚያ በራቸው ላይ ቆሜ ‹መንገድ ላይ ቆሻሻ አገኘሁ፣ ትፈልጉታላችሁ?› አልኩ። እናትሽ ‹እስቲ እዚያ ጣይው› ብላ ዝም ማለት ነበረባት። እሷ እቴ! መሬት ላይ ተደፍታ ስቅስቅ አለች። ‹ዝም በይ አንቺ ሞኝ፣ ሞት ይሰማሻል!› ብዬ ሰደብኳት።»

«አያቴ፣ ይኼ ግን የፋራ ሥራ ነው» አለች ኮቶሃ በሩን ተደግፋ።

«ያንን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ። በእሱ ስትስቂ የምትስቂው በእኔ ነው፣ ገባሽ?»

«እኔ ምን አውቄ!» ኮቶሃ ፊቷ ቀላ። ይቅርታ አላለችም፤ በሩን ደርግማ ገባች።

«ታዲያ ልቀይረው?» አለች ሱቴ።

«እኔ ምን ቸገረኝ! መድኃኒቱ ካዳነሽ በኋላ ከረጢቱን ይዘሽ ትዞሪያለሽ? ስሙ ሥራውን ሠርቷል፣ ይኸው ጉንጭሽ። የምትፈራው እናትሽ ናት። ባተኮሰሽ ቁጥር ‹እንደገና ጥረጊልኝ› እያለች እየሮጠች ትመጣ ነበር፣ እስክንጣላ ድረስ።» ጣሳውን ከእጇ ነጠቋት። «በይ ሂጂ። ውሃ የዘጋችብኝን አልረሳሁም በያት።»

ዳገቱን ስትወጣ ንዴቷ አልበረደም። ይልቅ ባሰባት። እንዴት ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አይነገራትም?

ቺዙኤ ሥራዋን አቁማ ባዶ ሣጥን ላይ ተቀምጣለች። ሱቴ ማመልከቻውን ሣጥኖቹ ላይ ዘረጋችው። በእርሳስ ሞልታዋለች፤ አዲስ ስም በሚለው ቦታ ላይ «ሱዙ» ተጽፏል።

«ለሁለቱ ስም መርጠሽ ነበር አሉ። ለእኔስ?»

ቺዙኤ አንድ መንደሪን አንሥታ መልሳ አስቀመጠች።

«እማዬ፣ ለእኔስ አልመረጥሽም?»

«መርጬ ነበር።»

«ማን ብለሽ?»

«አይባልም።» ወደ በሩ አየት አደረገች። «ብቻዬን ሆኜ እንኳ ጮክ ብዬ አላልኩትም።»

ሱቴ ላጲሷን አወጣች። «ሱዙ» የሚለውን አጥፍታ እርሳሱን ወደ እናቷ ገፋችው። ቺዙኤ እርሳሱን አነሣችው። ሰው እንዳያይባት የፈራች ይመስል በእጇ ከልላ ጻፈች። ሱቴ በልቧ አነበበችው። የማታውቀው ስም ነው፤ ልቧ ይውደደው አይውደደው እንኳ ገና አላወቀችም።

የሱዙ ደብተሮች ከአሁን ወዲያ ከንቱ ናቸው። ለዚህኛው ስም ከዜሮ መጀመር፣ ዓመታት መጠበቅ አለባት። ዓርብም አዳራሹ ሙሉ ሰው ፊት «ሱቴ» ተብላ ትጠራለች፣ ኮቶሃም ትስቅባታለች። ይስቁ እንግዲህ።

«ሰኞ ትሄጃለሽ?» አለች ቺዙኤ።

«አልሄድም። በዚህ ስም የጠራኝ አንድም ሰው የለም።» ሱቴ ወረቀቱን አጠፈችው። «መጀመሪያ አንቺ ጥሪኝ።»

ቺዙኤ ተነሥታ የመጋዘኑን በር ዘጋች። ተመልሳ ከልጇ ፊት ተቀመጠች፣ ከንፈሯን በምላሷ አረጠበች፤ ከዚያም በቀስታ፣ ግን በደንብ በሚሰማ ድምፅ ጠራቻት።

«አቤት» አለች ልጇ።