የቶሌራ ዘጠና ስምንተኛ ደብዳቤ

ይህን ታሪክ ከሰው አልሰማሁትም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ...

ዕለቱ ቅዳሜ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ካምፓላ፣ ናካዋ፣ ጂንጃ መንገድ ዳር ባለው ቢሯችን ብቻዬን ተቀምጫለሁ።

ፀሐይ ነበር። ውጭ ታክሲዎቹ ይጮሃሉ፣ ቦዳ የሚሏቸው የኪራይ ሞተር ሳይክሎች ይጋፋሉ። እንዲህ ያለ ነገር በጨለማ ብቻ የሚመጣ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል።

ስሜ ቃለጽድቅ ነው። የመኪና መለዋወጫ በሚያስመጣ የሐበሻ ድርጅት ውስጥ የኮምፒውተር ሠራተኛ ነኝ። የኢሜይል ሰርቨራችን አርጅቶ ወደ አዲሱ ቨርዥን ልናሳድገው ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዕቅድ ሳወጣ ከረምኩ። አርባ ስድስት አካውንት አለ። በእያንዳንዱ ስም ፊት "ይዛወር" ወይም "ይሰረዝ" ብዬ መጻፍ ነበረብኝ።

አለቃችን እትዬ አስቴር ዝርዝሩን ሲያዩ ጣታቸው አንድ ስም ላይ ቆመ።

"ቶሌራ? ይሄ ልጅ ከሞተ ሁለት ዓመት አልሆነውም እንዴ?"

"ሆኖታል እትዬ።"

"ታዲያ አካውንቱ ምን ይሠራል?"

"ረስቼው ነው።"

አልረሳሁትም...

ቶሌራ አንድ ጠረጴዛ እንጋራ የነበረ ልጅ ነው። በቦዳ ወደ ሥራ ሲመጣ የጭነት መኪና ገጨው። እዚሁ ካምፓላ፣ ቀይ አፈር ውስጥ ቀበርነው። ያለችው ዘመድ ነቀምቴ የምትኖረው እህቱ ፌኒ ብቻ ናት። ያን ጊዜ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

የኛን ሰው ታውቁታላችሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ለነፍሰ ጡር ደግሞ ጭራሽ አይነገርም። ሽማግሌዎች ተቀምጠው መከሩና "እስክትገላገል ይቆይ" አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

"አንተ ኢሜይሉን ትከፍታለህ። 'ስልኬ ተሰርቋል፣ ደህና ነኝ' እያልክ ያዝልን።"

ያዝኩላቸው።

ፌኒ ወለደች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ካናዳ ሄደ፣ ሌላው አልጋ ላይ ወደቀ። "አንተው ንገራት" ተባልኩ። እኔ ግን በየሳምንቱ መጻፌን ቀጠልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ላይ ደስ ይለኝ ነበር። የልጇን ፎቶ ትልክልኛለች። "ወንድሜ፣ በልተህ ነው የምታድረው?" ትለኛለች። እኔን እንደዚያ የሚለኝ ሰው አልነበረም። የገዛ እናቴ እንኳ ድምፄን የምትሰማው በዓል ሲሆን ብቻ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።

በኋላ ሰለቸችኝ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔ ግን እያደር ከበደኝ።

ሰርቨሩ ሊቀየር ሲል ታዲያ የምገላገልበት መንገድ ታየኝ። መርዶውን መንገር አይደለም... እሷን ማስቀየም ነው።

ሰኞ ዕለት በቶሌራ ስም ዘጠና ሰባተኛውን ደብዳቤ ጻፍኩ።

"ፌኒ፣ ከእንግዲህ አትጻፊልኝ። አንቺም ልጅሽም ሸክም ሆናችሁብኛል። ወንድም እንዳለሽ እርሺው።"

በማግስቱ መለሰች።

"እሺ ወንድሜ። ካስቸገርኩህ ይቅር በለኝ።"

ይኸው ብቻ። ስሙ ፊት "ይሰረዝ" ብዬ ጻፍኩና ወርጄ ምሳዬን በላሁ። ሮሌክስ፣ ሁለት እንቁላል በቂጣ ተጠቅልሎ። ርገሙኝ፣ አልፈርድባችሁም።

ወደ ቅዳሜ ልመለስ።

ዝውውሩ ከመጀመሩ በፊት በየአካውንቱ ያሉትን የተላኩ ደብዳቤዎች መቁጠር የዕቅዱ አንድ ክፍል ነው። በኋላ የጎደለ መኖሩ የሚታወቀው በዚያ ነው።

የቶሌራ ላይ ደረስኩ። የራሱን ደብዳቤዎች ያኔ ሲሞት አጥፍቻቸው ስለነበር የኔ ዘጠና ሰባት ብቻ መሆን ነበረባቸው... ዘጠና ስምንት ይላል።

እንደገና ቆጠርኩ። ዘጠና ስምንት።

የይለፍ ቃሉን ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። የመጨረሻውን ከፈትኩት። የተላከው ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በዚያ ሰዓት እኔ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ፤ መንገዱ ተዘጋግቶ።

"ፌኒ፣ ዘጠና ሰባቱን እኔ አልጻፍኳቸውም። እኔ ሞቻለሁ። እስከዛሬ ያልነገርኩሽ ሌላ ሰው በስሜ ስለሚያወራ ነው። አልቅሺ፣ ይውጣልሽ። የጻፈልሽ ሰው እናት አለችው። እሷ ጋ እየሄድኩ ነው።"



ሌባ ገብቶበት ይሆናል ብዬ ከየት እንደተላከ አየሁ። ከውጭ አይደለም። ከዚሁ ቢሮ፣ ከቶሌራ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ ዕቃ ቤት ተጥሏል። ሃርድ ዲስኩን ራሴ ፈትቼ ካወጣሁት ዓመት አልፎታል።

ዕቅድም፣ ባክአፕም ተውኩ። አካውንቱን ሰረዝኩት። ከዝርዝሩ ጠፋ። አርባ አምስት ቀሩ።

ከዚያ ደብረ ብርሃን ደወልኩ። እህቴ ኤዶም አነሳች። ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል።

"ኤዶም፣ እኔ ነኝ።"

ከሰው ፈቀቅ ስትል እርምጃዋ ተሰማኝ።

"ኤዶም? ቃለጽድቅ ነኝ። እማዬ ደህና ናት?"

"ደወልክ አይደል..." አለች በሹክሹክታ። "ይደውላል ብሎን ነበር።"

"ማን?"

"በዚህ ዘመን ድምፅ በኮምፒውተር ይሠራል፣ እንዳታምኑ ብሎናል። እባክህ... እናቴ አትስማህ። ሐዘኗ ይበቃታል።"

"የምን ሐዘን? ማን ሞተ?"

"ወንድሜ።"

ከኔ ሌላ ወንድም የላትም።

"ማነው የነገራችሁ?"

"ጓደኛው። ትናንት ንጋት ላይ ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። መርዶ በስልክ አይነገርም ብሎ ከካምፓላ ድረስ... እንደ ወጉ አረዳን።"

ከኋላዋ አንድ ወንድ እናቴን በለሆሳስ ሲያባብል ሰማሁ።

"እማማ ደመቀች... ትንሽ ይቅመሱ..."

ያን ድምፅ አንድ ጠረጴዛ ላይ አራት ዓመት ሰምቼዋለሁ።

"ኤዶም ስሚኝ፣ ማንም የማያውቀውን የልጅነት ነገር ጠይቂኝ..."

"'ጠይቁኝ ይላችኋል' ብሎናል። እሱንም ብሎናል።"

ስልኩ ተዘጋ። ደግሜ ደወልኩ፣ አይገባም። በሌላ ስልክ ሞከርኩ። ድምፄን እንደሰማች ዘጋችው።

ሄጄ ዓይኔን እንዳላሳያቸው ስደተኛ ነኝ። ድንበር የሚያሻግር ወረቀት የለኝም። እናቴ በቁሜ እያለቀሰችልኝ ነው፣ እኔ ደግሞ "አለሁ" ብል የሚያምነኝ የለም።

ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ለፌኒም አዝኜ ነው ብዬ ብነግራችሁ ሌላ ውሸት ይሆንብኛል። ለራሴ ነው ያለቀስኩት።

ያኔ ኮምፒውተሩ ድምፅ ሰጠ። አዲስ ደብዳቤ መጥቷል።

ላኪው ቶሌራ ነው። ከሰረዝኩት አካውንት...

ጽሑፍ የለውም። አንድ ፎቶ ብቻ ነው።

ደብረ ብርሃን፣ እናቴ ቤት በር ላይ ድንኳን ተጥሏል። የኔ ፎቶ በትልቁ ታትሞ፣ ዙሪያውን ጥቁር ጨርቅ ተደርጎበት ቆሟል። እናቴ ጥቁር ለብሳ፣ አጠገቧ የተቀመጠው ወጣት ትከሻ ላይ ራሷን ጥላለች። ሰው ሁሉ አቀርቅሯል። ቀና ብሎ ካሜራውን የሚያየው እሱ ብቻ ነው... ቶሌራ።

የኛ ሰፈር አፈር ጥቁር ነው። እሱ ግን ከጫማው እስከ ጉልበቱ ቀይ ጭቃ ነበር። ገና አልደረቀም...